ኮፍያን ገልብጦ ማየት፦ ስለ ምዕራፍ 65 ለአስመጪዎችና ለትራንዚተሮች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ አስመጪዎች፣ ትራንዚተሮች፣ የጉምሩክ ትምህርት የምትከታተሉ ወጣቶች፤ እንደምን ዋላችሁ። ስለተገኛችሁ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የምንነጋገረው ከጨርቃ ጨርቅ ስለሚሠሩ ኮፍያዎችና ሌሎች የራስ መሸፈኛዎች የታሪፍ ምደባ ነው፤ ማለትም በጉምሩክ የታሪፍ መጽሐፍ ውስጥ የትኛው የኮድ ቁጥር እንደሚሰጣቸው። መኪና ወይም ማሽነሪ ሲገባ ሁሉም ይጠነቀቃል። ካታሎግ ይገለበጣል፣ ባለሙያ ይጠየቃል፣ ኮዱ ሁለት ሦስት ጊዜ ይታያል። ኮፍያ ሲሆን ግን ኢንቮይሱ ላይ «ኮፍያ፣ ልዩ ልዩ» ተብሎ ይጻፍና ጭነቱ በሙሉ ለጉምሩክ በሚሰጠው የዕቃ ማሳወቂያ፣ በዲክላራሲዮን፣ ላይ በአንድ መስመር ይቀርባል። ካርቶኑ ሲከፈት ሻሽ ይወጣል፣ የሕፃናት ኮፍያ ይወጣል፣ የፀጉር ማሰሪያ ይወጣል፣ የሻወር ኮፍያ ይወጣል፣ ከሥር ደግሞ የሞተር ሳይክል ሄልሜት ይገኛል። ከዚያ ፈታሹ ዕቃውን መዘርገፍ አለበት፤ ዲክላራሲዮኑ መታረም አለበት፤ ኮንቴይነሩ ደረቅ ወደብ ላይ ኪራይ ይቆጥራል። አስመጪው በቀረጥ ልዩነት ብቻ ሳይሆን በጊዜም ይከስራል።

ላስጨብጣችሁ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የኮፍያን ታሪፍ ሻጩ ያወጣለት ስም አይወስነውም። የሚወስነው ከምን እንደተሠራ፣ እንዴት እንደተሠራና ራስ ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ ነው። ሦስቱንም አስመጪው ናሙናውን በእጁ ይዞ፣ ዕቃው መርከብ ላይ ከመጫኑ በፊት ሊያውቃቸው ይችላል። ለዚህ ነው ጠረጴዛው ላይ እነዚህን ኮፍያዎች የደረደርኳቸው። ከንግግሬ ይልቅ እነሱን አገላብጣችሁ ብታዩ ደስ ይለኛል።

በመጀመሪያ ስለ ሥርዓቱ ጥቂት ልበል። የምንጠቀምበት ኤችኤስ የሚባለው የዕቃዎች ስያሜና ኮድ ሥርዓት የቆመው እ.ኤ.አ. ሰኔ 14 ቀን 1983 ብራስልስ ላይ በተፈረመ ስምምነት ነው፤ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1988 ነው። የሚያስተዳድረው መቀመጫው እዚያው ብራስልስ የሆነው የዓለም ጉምሩክ ድርጅት ነው። ዕቃዎች በ21 ክፍሎችና በ97 ምዕራፎች ተደልድለዋል፤ ምዕራፍ 77 ለወደፊት ተብሎ ባዶ ተትቷል። የመጀመሪያዎቹ ስድስት አሃዞች በአባል አገሮች ሁሉ አንድ ናቸው። ከዚያ በኋላ ያሉትን አገሮች ለራሳቸው ፍላጎት ይጨምራሉ። የእኛ የታሪፍ መጽሐፍ እስከ ስምንት አሃዝ ይሄዳል፣ የአውሮፓ ኅብረትም እንዲሁ ስምንት፣ አሜሪካ ደግሞ አሥር።

ይህን የማነሳው ሁላችሁም በምታውቁት ነገር ምክንያት ነው። ዪዉ ወይም ጓንግዡ ያለ ሻጭ ኢንቮይሱ ላይ ኮድ ጽፎ ይልክላችኋል፤ ትራንዚተሩም «ሻጩ የሰጠን ነው» ብሎ እንዳለ ይወስደዋል። ያ ኮድ ለቻይና የወጪ ንግድ የተመረጠ ኮድ ነው። ከስድስተኛው አሃዝ በኋላ ያለው እኛ ዘንድ ምንም ትርጉም የለውም። ስድስቱ አሃዞችም ቢሆኑ ሻጩ ለራሱ ሥራ የመረጣቸው እንጂ የእናንተን ዕቃ ለአዲስ አበባ ጉምሩክ መርምሮ የሰጣችሁ አይደሉም። ዲክላራሲዮኑ ላይ ፈርማችሁ የምታቀርቡት እናንተ ናችሁ፤ ተጠያቂነቱም እዚሁ ይቀራል። በዚያ ላይ ኮዶች በየጊዜው ይለወጣሉ። ድሮ የፌልት ኮፍያዎች የሚገቡበት 65.03 የሚባል አንቀጽ፣ ማለትም ባለ አራት አሃዝ ቁጥር፣ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2007ቱ ማሻሻያ ተሰርዞ ይዘቱ ወደ 65.05 ተዛወረ። በ2012ቱ ማሻሻያ ደግሞ 65.05 ውስጥ የፀጉር መረብን ከሌላው የሚለየው ክፍፍል ቀርቶ ሁሉም 6505.00 ሆነ። ዛሬም 6503 ወይም 6505.90 የሚል ኢንቮይስ ካያችሁ ሻጩ ከአሮጌ ፋይል እየገለበጠ እንደሆነ እወቁ።

አሁን ወደ ምዕራፍ 65 እንግባ። ምዕራፉ ትንሽ ነው፤ ሁለት ገጽ እንኳ አይሞላም። 65.01 ገና ቅርጽ ያልያዘ፣ ከፌልት ማለትም ከታመቀ ሱፍ ወይም ጸጉር የተሠራ የኮፍያ አካል ነው። 65.02 በጉንጉን ወይም ቀጫጭን ጥብጣቦችን በማያያዝ የተሠራ፣ ገና ያላለቀ የኮፍያ ቅርጽ ነው። እነዚህን ሁለቱን የሚያስመጣ አገር ውስጥ ኮፍያ የሚያመርት ሰው ነው፤ ብዙዎቻችሁን ስለማይመለከት አልፋቸዋለሁ። 65.04 በጉንጉን ወይም ጥብጣብ በማያያዝ የተሠራ ያለቀለት ኮፍያ ነው። 65.05 ከሹራብ፣ ከኪሮሽ ሥራ፣ ወይም ከዳንቴል፣ ከፌልትና ከሌላ ጨርቅ ተቆርጦ የተሰፋ ኮፍያ ነው፤ የፀጉር መረብም ከምንም ይሠራ ከምን እዚሁ ይገባል። 65.06 ሌሎች የራስ መሸፈኛዎች ናቸው፤ ሄልሜቶች፣ የጎማና የፕላስቲክ፣ የቆዳና የጸጉራም ቆዳ ኮፍያዎች። 65.07 ደግሞ የኮፍያ አካላት ናቸው።

አብዛኛው ገበያችን ላይ የሚታየው 65.05 ነው። ስፖርተኞች የሚያደርጉት ከፊቱ ጥላ ያለው ኮፍያ፣ የክረምት የሹራብ ኮፍያ፣ የምግብ አብሳይ ረጅም ኮፍያ፣ የፖሊስና የጥበቃ ኮፍያ፣ የመነኩሴ ቆብ፣ የምርቃት ኮፍያ፣ ሁሉም። የምርቃት ኮፍያ ውስጡ ካርቶን አለ ብላችሁ ወደ ወረቀት ምዕራፍ እንዳትወስዱት፤ ለብሶ የሚታየው ጨርቅ ነው፣ ካርቶኑ ቅርጹን ይይዝለታል። ገበር ቢኖረው፣ ጥልፍ ቢኖረው፣ ሪባን ቢዞርበት፣ ቁልፍ ቢሰፋበት ያው 65.05 ነው። አንቀጹ ራሱ ገበርና ጌጥ ኖረውም አልኖረውም ይላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። በስድስት አሃዝ ደረጃ ሹራብ ይሁን የተሸመነ፣ ጥጥ ይሁን ፖሊስተር፣ የወንድ ይሁን የሴት ልዩነት የለውም፤ ሁሉም 6505.00 ነው። ልብስ ላይ ምዕራፍ 61ንና 62ን የሚለያየው የሹራብና የሽመና ጉዳይ ኮፍያ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ታዲያ ለምን ፈታሹ ደጋግሞ ይጠይቃል? አንደኛ ለዋጋ ትመና ነው፤ የጥጥና የአክሪሊክ ኮፍያ እኩል ዋጋ የላቸውም። ሁለተኛው ምክንያት ራስ ላይ የሚደረግ ሁሉ ኮፍያ አለመሆኑ ነው፤ ኮፍያ ያልሆነው ደግሞ ሹራብ መሆን አለመሆኑ አንቀጹን ይለውጠዋል። ወደዚያ እመለሳለሁ።

ከዚያ በፊት ግን በ65.04 እና በ65.05 መካከል ያለውን ድንበር እዩልኝ። በጣም የሚያምታታው እሱ ነው።

እነዚህን ሁለት የበጋ ባርኔጣዎች ተመልከቱ። ሁለቱም ሳር መሰል ናቸው፣ ሁለቱም ሰፊ ጠርዝ አላቸው፣ ሁለቱም ዙሪያቸውን ጥቁር ሪባን አለባቸው። ከአንድ ሜትር ርቀት ማንም አይለያቸውም። አሁን ግን ገልብጧቸው። የመጀመሪያው አናቱ መሃል ላይ የምትጀምር አንዲት ጠባብ ጥብጣብ አለች። ክቡን እየዞረች፣ እያንዳንዱ ዙር በቀደመው ላይ ትንሽ እየተደረበ፣ በስፌት እየተያያዘች እስከ ጠርዙ ድረስ ትወርዳለች። ስፌቱን በጣታችሁ ብትከተሉት ከአናት እስከ ጠርዝ ሳይቋረጥ ይወስዳችኋል። ይህ ጥብጣብ በማያያዝ የተሠራ ነው፤ 65.04። ሁለተኛውን ስትገለብጡት ሦስት የተለያዩ ቁራጮች ታገኛላችሁ፤ ክብ አናት፣ ዙሪያውን የሚይዝ ቁራጭ፣ ጠርዝ። ቁራጮቹ ከአንድ ሰፊ ጨርቅ ተቆርጠው የተሰፉ ናቸው፤ የተቆረጠው ጠርዝ እንዳይፈታ በኦቨርሎክ ተይዟል። ጨርቁ ከወረቀት ክር ተሸምኖ ሊሆን ይችላል፤ ከወረቀት ክር የተሸመነ ጨርቅ በታሪፍ መጽሐፉ ጨርቃ ጨርቅ ውስጥ ነው ያለው፣ ምዕራፍ 53 ውስጥ። ስለዚህ ሁለተኛው 65.05 ነው። አንቀጹ «በጥብጣብ መልክ ሳይሆን በጨርቅ መልክ» የሚለው ለዚህ ነው። በአገራችን ከሰሌን የሚጎነጎነው ባርኔጣም ወደ ውጭ ሲላክ የሚገባው 65.04 ነው።

ስለዚህ ናሙና ሲመጣላችሁ ከላይ አትዩት። ገበር ካለው ገበሩን ገለጥ አድርጉ፤ ስፌቱ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ተከተሉ። ሻጩን ስትጠይቁም «ሳር ነው ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «ከሰፊ ጨርቅ ተቆርጦ የተሰፋ ነው ወይስ ጥብጣብ እየዞረ የተያያዘ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ልኬት አለ፤ 5 ሚሊ ሜትር። ጠፍጣፋ የፕላስቲክ ጭረት ስፋቱ ከ5 ሚሊ ሜትር ካልበለጠ እንደ ጨርቃ ጨርቅ ክር ይቆጠራል፤ ከበለጠ ፕላስቲክ ነው፣ ተጎንጉኖ ከሆነም የጉንጉን ሥራ ነው። ከሩቅ ራፊያ የሚመስለው ጭረት ብዙ ጊዜ ፖሊፕሮፒሊን ነው። ስለዚህ ጭረቱን ከኮፍያው አውጡና፣ ታጥፎ ወይም ተጠምዝዞ ከሆነ ሳትዘረጉት፣ እንዳለ በማስመሪያ ለኩት። ትንሽ ነገር ነው፤ ነገር ግን ጨርቅ ነው አይደለም የሚለውን ክርክር እዚያው ይዘጋዋል።

የዝናብ ኮፍያም ጥያቄ ያስነሳል። ከላስቲክ ወረቀት ብቻ ተቆርጦ የተሠራው የሻወር ኮፍያ ፕላስቲክ ነው፤ 6506.91። ነገር ግን ጨርቅ ሆኖ ውሃ እንዳያስገባ ሰም፣ ዘይት፣ ጎማ ወይም ሌላ ነገር የተቀባ ኮፍያ 65.05 ውስጥ ይቀራል። ሆስፒታልና የምግብ ፋብሪካ ውስጥ የሚደረገው፣ ጠርዙ ላስቲክ ያለው፣ አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉት ስስ ኮፍያም ያልተሸመነ ጨርቅ ከሚባለው ስለሚሠራ 6505.00 ነው። በኮሮና ዘመን የዓለም ጉምሩክ ድርጅት ባወጣው የሕክምና ዕቃዎች የኮድ ዝርዝር ላይ የፀጉር መረብ የተቀመጠው በዚሁ በ6505.00 ነው። ሐኪም ስላደረገው የሕክምና መሣሪያ አይሆንም። በሌላ ሕግ ከቀረጥ ነፃ ሊሆን ይችላል፤ ከቀረጥ ነፃ መሆንና ታሪፍ ቁጥር ግን ለየብቻ የሚጠየቁ ነገሮች ናቸው፤ አንዱን ለማግኘት ሌላውን አታጣምሙ።

አሁን ራስ ላይ ተደርገው ኮፍያ ወዳልሆኑት እንምጣ። እዚህ ላይ ቆም እላለሁ፤ እኛ አገር የሚገባው ዕቃ ውስጥ ትልቁን ስህተት የማየው እዚህ ነው።

ሻሽ ኮፍያ አይደለም። ሻሽ፣ ሻርፕ፣ የአንገት ልብስ፣ ዓይነ ርግብ ሁሉ የሚገቡት በልብስ ማሟያዎች ውስጥ ነው፤ ሹራብ ጨርቅ ከሆነ 6117.10፣ የተሸመነ ከሆነ 62.14። እዚህ ላይ ነው የሹራብና የሽመና ልዩነት ተመልሶ የሚመጣው። ለሂጃብ የሚሆኑ ረጃጅም ሻሾች ሁለት ዓይነት ሆነው ይገባሉ፤ የሚለጠጠው ጀርሲ እና ስሱ ሺፎን። ጀርሲው ሹራብ ነው፣ ሺፎኑ ሽመና ነው፤ በአንድ ካርቶን ታጭቀው ቢመጡም ሁለት አንቀጾች ናቸው። በሂጃቡ ሥር ፀጉር ለመያዝ የሚጠለቀው፣ የራስ ቅርጽ ይዞ የተሰፋው ቆብ ግን 65.05 ነው። ስለዚህ አንዲት ሴት የምትገዛው አንድ ጥንድ ዕቃ ለጉምሩክ ሁለት መስመር ሊሆን ይችላል። ባለ አንድ ቁራጭ ሆኖ በራስ የሚጠለቀውን ዓይነት ደግሞ ናሙናውን ይዛችሁ ቀድማችሁ ጠይቁበት፤ የራስ ቅርጽ የያዘው ክፍሉና የሻሽ ክፍሉ አንድ ላይ ስለሆኑ ክርክር የሚነሳው እሱ ላይ ነው።

ትንሿ አራት ማዕዘን ሻሽስ? የምዕራፍ 62 ማስታወሻ ግልጽ አድርጎታል፤ ጎኖቿ እኩል ወይም ተቀራራቢ የሆኑ አራት ማዕዘን ሆና የትኛውም ጎኗ ከ60 ሳንቲ ሜትር ካልበለጠ እንደ መሃረብ ትቆጠራለች፤ 62.13። አንዱ ጎን ከ60 ካለፈ ወደ 62.14 ትሄዳለች። ባንዳና ለምትሉት ይህ ልክ በጣም ይጠቅማል፤ ኢንቮይሱ ላይ ልኬቱ ካልተጻፈ ፈታሹ ሜትር ይዞ ይመጣል።

ጥምጥምም ተመሳሳይ ጥያቄ ነው። ሰውየው ራሱ የሚጠመጥመው ረጅም ጨርቅ ከሆነ ጨርቅ ነው፤ በአሠራሩ መሠረት በጨርቃ ጨርቅ ክፍሉ፣ በክፍል 11፣ ውስጥ ቦታ ይፈለግለታል። ተጠምጥሞ፣ ቅርጽ ይዞ፣ ተሰፍቶ እንደ ኮፍያ የሚደረግ ከሆነ ግን ምዕራፍ 65 ነው። ዕቃው የሚመደበው ጉምሩክ ዘንድ በቀረበበት ሁኔታ ነው፤ ኋላ ላይ ሰው ምን እንደሚያደርግበት ታሳቢ አይደረግም።

ከብርድ የሚከላከል ወይም ፀጉር የሚይዝ፣ አናቱ ክፍት የሆነ የጨርቅ ማሰሪያም ኮፍያ አይደለም። ሹራብ ከሆነ 6117.80፣ የተሸመነ ከሆነ 6217.10። የፕላስቲክ ሆኖ ጥርስ ያለው የፀጉር መያዣ ከሆነ ደግሞ ከማበጠሪያና ከፀጉር መቆንጠጫ ጋር 96.15 ላይ ነው። ሰው ሠራሽ ፀጉር 67.04 ነው። አንድ ነጋዴ ለአንድ የፀጉር ቤት ዕቃ ብሎ ያዘዘው ጭነት እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ ሊይዝ ይችላል፤ ስለዚህ አንድ መስመር አይበቃውም።

ወደ ሌላ አቅጣጫ ደግሞ የሚሳሳቱ አሉ። የሕፃን ልብስ የሚያስመጡ ሰዎች 61.11 ወይም 62.09 ውስጥ የሕፃን ልብስና ማሟያ ሁሉ ይገባል ብለው የሹራቧን የሕፃን ኮፍያም እዚያ ይጨምሯታል። የጨርቃ ጨርቅ ክፍሉ ማስታወሻ ግን የራስ መሸፈኛን ከክፍል 11 አስወጥቶታል፤ የሕፃን ኮፍያ ብትሆንም ቦታዋ 65.05 ነው። በዚፕ ወይም በቁልፍ የሚለያይ የካፖርት ኮፍያ ከካፖርቱ ጋር ከመጣ ከካፖርቱ ጋር ይመደባል፤ ብቻውን ከመጣ ወደ 65.05 ይመለሳል።

ስለ ሄልሜት አጭር እላለሁ። የሞተር ሳይክል፣ የግንባታ ሠራተኛ፣ የማዕድን ቆፋሪ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ መከላከያ ሁሉ 6506.10 ነው። ከውጭ የጨርቅ ኮፍያ መስሎ በውስጡ ጠንካራ የፕላስቲክ ቅርፊት ያለው የፋብሪካ ኮፍያ አለ፤ ኢንቮይሱ ላይ ያ ቅርፊት ካልተጠቀሰ ሰው ሁሉ እንደ ተራ ኮፍያ ያየዋል። ዋናው ሥራው ራስን ከግጭት መከላከል ከሆነ የመከላከያ ባሕርዩ ይገዛዋል፤ ይህን በጽሑፍ አስቀምጡ።

በገና ሰሞን የሚታዩት ቀያይ ባለ ነጭ ጠርዝ ቆቦችም ሁለት ዓይነት ናቸው። አንድ ቀን ተደርገው እንዲጣሉ ከስስ ፌልት፣ ያለ ገበር፣ ጠርዛቸው እንኳ ሳይታጠፍ የተሠሩት የበዓል ማጌጫ ሆነው ምዕራፍ 95 ውስጥ ይታያሉ፤ የምዕራፍ 65 ማስታወሻም የካርኒቫል ዕቃዎችንና የአሻንጉሊት ኮፍያዎችን አስወጥቷል። በደንብ ተሰፍቶ፣ ገበር ኖሮት ብርድ የሚከላከለው ግን ቀይ ስለሆነ ብቻ ኮፍያነቱን አያጣም።

የኮፍያ፣ የሻርፕና የጓንት ስብስብስ? አንድ ካርቶን ውስጥ ለችርቻሮ ተዘጋጅቶ የሚመጣ የክረምት ስብስብ ነው፤ ሦስቱም ሹራብ። የልብስ ስብስቦች ለየብቻ ይመደቡ የሚለው የክፍል 11 ማስታወሻ ለልብስ እንጂ ለማሟያ አልተጻፈም፤ ስለዚህ ዕቃ ከአንድ በላይ አንቀጽ ሲስማማው የሚወስነው የአጠቃላይ አተረጓጎም ደንቦች ቁጥር 3 ይመጣል። በመጀመሪያ ለስብስቡ ዋነኛ ባሕርይ የሚሰጠው የትኛው ነው ተብሎ ይጠየቃል። ሦስቱም እኩል ያሞቃሉ፣ ዋጋቸውም ተቀራራቢ ነው፣ አንዱ ከሌላው አይበልጥም ከተባለ በቁጥር ቅደም ተከተል መጨረሻ የሚመጣው አንቀጽ ይወሰዳል። ጓንቱ 61.16፣ ሻርፑ 61.17፣ ኮፍያው 65.05፤ ስለዚህ ስብስቡ በሙሉ 65.05 ይሆናል። ይህ ግን አብረው የታሸጉና ሳይበተኑ ለገዢ የሚቀርቡ ከሆነ ነው። ሦስት የተለያዩ ጆንያዎች አንድ ኮንቴይነር ውስጥ ስለገቡ ስብስብ አይሆኑም።

ኮፍያ እዚሁ የምትሰፉ ወገኖች፣ 65.07 ለእናንተ ነው፤ ግን ሁሉን አቀፍ የመለዋወጫ አንቀጽ አድርጋችሁ አትውሰዱት። የሚቀበለው በስም የተዘረዘሩትን ብቻ ነው፤ ላብ የሚቀበለውን የውስጥ ጥብጣብ፣ ገበር፣ ሽፋን፣ የኮፍያ መሠረትና ክፈፍ፣ የፊት ጥላ፣ የአገጭ ማሰሪያ። አናት ላይ የምትሰፋው ቁልፍ 96.06፣ የብረት ዘለበት 83.08፣ ተጠልፎ የመጣ አርማ 58.10፣ ጥቅል ጨርቅ ደግሞ እንደ ክሩና አሠራሩ ከምዕራፍ 50 እስከ 60 ነው። «የኮፍያ ጥሬ ዕቃ» የሚል ኢንቮይስ ለማንም አይጠቅምም።

ስለ ገንዘቡ ደግሞ አንድ ስሌት ላሳያችሁ። ሁለት የሚያከራክሩ አንቀጾች አሉ እንበል፤ ለምሳሌ ያህል የአንዱ ቀረጥ 20፣ የሌላው 35 በመቶ ይሁን፣ ኤክሳይዝ የለባቸውም እንበል። የዕቃው ሲአይኤፍ ዋጋ፣ ማለትም ኢንሹራንስና ማጓጓዣ የተጨመረበት ዋጋው፣ 100,000 ብር ነው። በ20 በመቶ ቀረጡ 20,000 ብር ነው፤ 15 በመቶ ቫት በ120,000 ላይ 18,000 ይሆናል፤ 10 በመቶ ሱር ታክስ በ138,000 ላይ 13,800 ይሆናል፤ ድምሩ 51,800። በ35 በመቶ ቀረጡ 35,000፣ ቫቱ 20,250፣ ሱር ታክሱ 15,525፤ ድምሩ 70,775። በሲአይኤፍ ዋጋ ላይ ብቻ የሚታሰቡት ሌሎች ክፍያዎች በሁለቱም በኩል ስለማይለወጡ ትቻቸዋለሁ። የቀረጡ ልዩነት 15,000 ብር ነበር፤ እጃችሁ የሚወጣው ልዩነት ግን 18,975 ብር ነው። ቫትና ሱር ታክስ በቀረጡ ላይ ስለሚደራረቡ የምደባ ስህተት ሁልጊዜ ከቀረጡ ልዩነት ይበልጣል። በትርፍ ከፍላችሁም ሊሆን ይችላል፤ አሳንሳችሁ ከሆነ ደግሞ ዕቃው ከተሸጠ በኋላ በድህረ ዕቃ አወጣጥ ኦዲት ይመጣባችኋል፤ ያን ጊዜ ከገዢው መልሳችሁ የምትጠይቁት የለም።

ሰልባጅ ኮፍያ ተለብሶ ያረጀ መሆኑ ከታየና በጅምላ፣ በቦንዳ ወይም በጆንያ ከመጣ 65.05 መሆኑ ይቀርና 63.09 ይሆናል። ሰልባጅ ልብስ ለንግድ ማስገባት በአገራችን የተከለከለ ስለሆነ ከአዲስ ኮፍያ ጋር ቀላቅሎ ማምጣት ጭነቱን በሙሉ አደጋ ላይ መጣል ነው።

ከእናንተ መካከል ወደ ውጭ የምትልኩም እንዳላችሁ አውቃለሁ። ዋሽንግተን አካባቢና አውሮፓ ላሉ ሱቆች ነጠላና ጋቢ፣ በኪሮሽ የተሠራ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ኮፍያ፣ ከጥጥ የተሰፋ ቆብ ትልካላችሁ። ነጠላው 62.14 ነው፤ ቆቡ 65.05። እኛ ዘንድ በስድስት አሃዝ የማይለየው ክር አሜሪካ ሲደርስ ይለያል፤ የአሜሪካ ታሪፍ 6505.00ን በጥጥ፣ በሱፍና በሰው ሠራሽ ክር፣ እንዲሁም በሹራብና ሹራብ ባልሆነ ይከፋፍለዋል። ስለዚህ ያንን ኮፍያ የሠራችው እናት የተጠቀመችበት ክር ጥጥ ይሁን አክሪሊክ፣ ተቀላቅሎ ከሆነም በክብደት ስንት በመቶ እንደሆነ ከመላካችሁ በፊት እወቁ። አውሮፓ ደግሞ ከፊቱ ጥላ ያለውን ኮፍያ ከሌላው ይለየዋል። ገዢያችሁ ስለ ክሩ ሲጠይቃችሁ «የሀገር ልብስ ነው» የሚለው መልስ እዚያ ያለውን ጉምሩክ አያልፍም፤ ከእጅ ሥራው ድካም ጋር ሲታይ ደግሞ በዚህ ምክንያት ዕቃው መያዙ በጣም ያሳዝናል።

የአሜሪካ ጉምሩክ አስመጪ አስቀድሞ ጠይቆ የሚያገኛቸውን የምደባ ውሳኔዎች በድረ ገጹ ላይ ለሁሉም ክፍት አድርጎ ያወጣል። የአውሮፓ ኅብረትም አስገዳጅ የታሪፍ መረጃ የሚለው አለው፤ አንዴ ከተሰጠ ለሦስት ዓመት ይጸናል፣ እሱም ለሕዝብ ክፍት ነው። እነዚህ ውሳኔዎች እኛን አያስገድዱም። ነገር ግን ስድስቱ አሃዞችና ማስታወሻዎቹ የጋራ ስለሆኑ ተመሳሳይ ኮፍያ ሌላ ቦታ በምን ምክንያት እንዴት እንደተመደበ ማንበብ ጥሩ ትምህርት ነው። እኔ ተማሪዎቼን ከመማሪያ መጽሐፍ በፊት እነዚህን አስነብባቸዋለሁ። እዚያ የምታዩት ክርክር ሁሉ ስለ ስፌት፣ ስለ ክር፣ ስለ አናት ቅርጽ ነው።

ስለዚህ የሚያጠራጥር ዕቃ ሲኖራችሁ ከማዘዛችሁ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ። ጥያቄያችሁ ላይ «ይህ ኮፍያ ስንት ነው?» አትበሉ። ናሙናውን አያይዙ፤ አንዱ ሳይነካ፣ አንዱ ስፌቱ ተፈትቶ ውስጡ የሚታይ ቢሆን ይመረጣል። ከውጭና ከውስጥ ፎቶ አንሱ። የውጭ ጨርቁና የገበሩ ክር በመቶኛ፣ ሹራብ ወይም ሽመና ወይም ያልተሸመነ መሆኑ፣ የተቀባ ነገር ካለ ምንነቱ፣ ከጥብጣብ ከሆነ የጥብጣቡ ስፋት በሚሊ ሜትር፣ አራት ማዕዘን ከሆነ የጎኖቹ ልክ፣ እንዴት ታሽጎ እንደሚመጣ ይጻፍ። እናንተ ትክክል የምትሉትን አንቀጽና ምክንያቱን ጨምሩ፤ ተቃራኒው ለምን እንዳልመሰላችሁም ግለጹ። ውሳኔው ባይስማማችሁ ቅሬታ የምታቀርቡት በዚሁ ጽሑፍ ላይ ቆማችሁ ነው።

ኢንቮይሱም እንደዚሁ ይሁን። ለሻጩ የምትልኩለት መስመር ይህን ይምሰል፤ «የአዋቂ ኮፍያ፣ ከፊቱ ጥላ ያለው፣ ስድስት ቁራጭ፣ የተሸመነ 100 በመቶ ጥጥ፣ ገበር የሌለው፣ ፊቱ ላይ ጥልፍ ያለው፣ አዲስ»። ለሻሹ ሌላ መስመር፣ ለማሰሪያው ሌላ መስመር፣ ለሄልሜቱ ሌላ መስመር፤ ፓኪንግ ሊስቱም ካርቶን በካርቶን ከዚያ ጋር ይስማማ። ሻጩ ይህን ለመጻፍ ካልፈለገ ቅድመ ክፍያ ከመላካችሁ በፊት ተነጋገሩበት፤ ዕቃው ጂቡቲ ከደረሰ በኋላ ኢንቮይስ ማስተካከል ሌላ ጥርጣሬ ይፈጥራል።

አሁን ጥያቄ እንቀበል። ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ኮፍያዎች አንሷቸው፤ ከጥያቄያችሁ ጋር ኮፍያውንም ይዛችሁ ተነሡ።